ከአንድ ጠርሙስ

ፈለቀች ጎረቤቴ ናት። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣልን እሷ አራተኛ ፎቅ፣ እኔ ሦስተኛ ደረሰን። ያው ዓመታቱን ሁሉ ኮቴዋን ከጣራዬ በላይ እየሰማሁ ነው የኖርኩት። አስተማሪ ስለነበርኩ የሰው ጽሑፍ ማረም እንጂ የራሴን መጻፍ ብዙም አልለመድኩም። ይህን የምጽፈው የደረሰባትን ነገር በሰፈሩ ውስጥ አንዱ ሲቀንስለት ሌላው ሲጨምርበት ስለሰማሁ ነው።

ሥራዋ ጠርሙስ ማጠብ ነበር። እንዲህ ሲባል ምግብ ቤት የሚመስለው ሰው አለ። የእሷ ማጠቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ይህንኑ ሠርታለች፤ መጀመሪያ በመንግሥት ቤት፣ የመጨረሻዎቹን ስድስት ዓመታት ደግሞ ገርጂ ባለ የግል ድርጅት። ድርጅቱ ዚንክና ማግኒዚየም የመሳሰሉትን ማዕድናት በውሃ ተበጥብጠው የሚጠጡ ዱቄት አድርጎ በትንንሽ ፓኬት እያሸገ ለፋርማሲዎች ያከፋፍላል። ከቢሮዎቹ በታች፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ የራሱ ላቦራቶሪ አለው።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጥታ ታክሲ ትሰለፋለች፤ መገናኛ ወርዳ ሌላ ሰልፍ ትይዝና ገርጂ ትደርሳለች። እዚያ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ፣ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ በሳሙና ታጥባለች። ከዚያ አሥር ጊዜ በቧንቧ ውሃ፣ አምስት ጊዜ ደግሞ በተጣራ ውሃ ታለቀልቃቸዋለች። በመጨረሻ በእንፋሎት የሚቀቅል ማሽን ውስጥ ይገባሉ። ቁጥሩን ሳትናገረው በከንፈሯ ትቆጥራለች። ቤቷም ሰሃን ስታጥብ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

«እኛ ቤት ብርጭቆ ላይ ሳሙና ቢቀር ሻዩ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ በቃ። እዚያ ቢቀር ግን የሚሞት አለ» ትለኝ ነበር።

የሚሞተው ሕዋስ ነው። ከሰው አንጀት የተወሰደ፣ ከውጭ አገር በበረዶ ታሽጎ የመጣ ሕዋስ። በትንንሽ የፕላስቲክ ሳህኖች ላይ፣ የሰውነት ያህል በሚሞቅ ቁም ሳጥን ውስጥ ያሳድጉታል። የሚመግቡት ሮዝ ቀለም ያለው ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሹ የሚቀመጠው ፈለቀች ባጠበቻቸው ጠርሙሶች ውስጥ ነው። ከዚያ ዚንኩን በተለያየ መጠን ጨምረውበት ሕዋሱ ምን እንደሚሆን ያያሉ። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ከእሷ አፍ ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠች ሴት ናት፤ ስታስረዳ ግን እኔ ሠላሳ ዓመት ካስተማርኩት ትበልጣለች።

ብሩክታይት የምትባለው ተመራማሪ የመጣችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ሁለተኛ ዲግሪዋን ገና የጨረሰች፣ ከደሴ የመጣች፣ አዲስ አበባ ውስጥ ዘመድ የሌላት ልጅ ነበረች። በመጣች በሁለተኛው ወር አንድ ዓርብ የሙቀት ቁም ሳጥኑን በር ሳትዘጋ ሄደች። ሰኞ ሲገቡ ሕዋሱ ሁሉ ሞቷል፣ ሻጋታም ወርሶታል። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ የቀረው ሁለት ሳምንት ነበር። ፈለቀች ማጠቢያ ክፍሏ ስትገባ ልጅቷ ጋዋኗን አፏ ላይ ጠቅጥቃ ታለቅሳለች።

የድርጅቱ ባለቤት አቶ ደጀኔ መጥተው «ማነው ይህን ያደረገው?» ሲሉ፣ ፈለቀች ቀደመች።

«እኔ ነኝ። ቅዳሜ ስወለውል ከፍቼው ረሳሁት።»

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ ፈረመች። ማታ ስትነግረኝ ተቆጣኋት። «ላላጠፋሽው ትፈርሚያለሽ?» አልኳት።

«ማስጠንቀቂያ እኔን ምን ያደርገኛል?» አለችኝ። «ልጅቷ ግን ዛሬ ብትባረር ሻንጣዋን ይዛ ነው አገሯ የምትመለሰው።»

ከዚያ በኋላ የእናትና የልጅ ያህል ሆኑ። ፈለቀች ልጅ አልወለደችም። ባሏ ገብረሃንስ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ዝምተኛ። ብሩክታይት «እትዬ ፈሉ» እያለች ምሳ ዕቃዋን ከፍታ ትበላለች፤ ፋሲካ ሲሆን እዚህ የካ አባዶ ድረስ መጥታ ትውላለች። ቅዳሜ ሕዋሱን የምትመግብበት ቀን ስለሆነ ፈለቀችም ማንም ሳይጠይቃት አብራት ትገባ ነበር። ማይክሮስኮፕ ማየት ያስተማረቻትም ያኔ ነው።

«ጤነኛው እንደ በራችን ኮብልስቶን ነው» አለችኝ ፈለቀች፣ መጀመሪያ ያየች ቀን። «እርስ በርሱ ተጠጋግቶ፣ ተነጥፎ። የሞተው ድቡልቡል ብሎ ይንሳፈፋል። ልጄ አሳየችኝ።»

ልጄ ነበር የምትላት።

አምና ጥቅምት ላይ አቶ ደጀኔ አዲስ ነገር አመጡ። በአንድ ፓኬት የሚገባውን ዚንክ እጥፍ አድርገው «ድርብ ኃይል» በሚል ስም ሊሸጡት አሰቡ። ማሸጊያ ሳጥኑ አስቀድሞ ታትሞ መጋዘን ገብቷል። ብሩክታይት ሕዋሱ ላይ እንድትሞክረው ታዘዘች። ሳህኑን በሦስት ረድፍ ከፈለችው፤ የመጀመሪያው ረድፍ ዚንክ የለውም፣ ሁለተኛው የድሮው ፓኬት ልክ ነው፣ ሦስተኛው የአዲሱ። ሦስቱም የሚመገቡት ከአንድ ጠርሙስ በተቀዳ ፈሳሽ ነው።

ሁለት ቀን ቆይታ አየችው። የመጀመሪያውና ሁለተኛው ረድፍ ደህና ነው። ሦስተኛው አልቋል። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ያው ሆነ። የሦስተኛውን ውጤት ያየችው ቅዳሜ ነበርና ፈለቀችን ጠራቻት።

«እትዬ ፈሉ፣ እስቲ ይዩልኝ። ዓይኔን አላመንኩትም።»

ፈለቀች ረድፎቹን በየተራ አየች። የመጨረሻው ላይ ስትደርስ ኮብልስቶኑ የለም፤ ድቡልቡል ነገር ብቻ ይንሳፈፋል።

«ይህን የጠጣ ሰው ይሞታል ማለት ነው?» አለች ደንግጣ።

«አይደለም። ሳህን ላይ ያለ ሕዋስና ሰው አንድ አይደለም» አለቻት ብሩክታይት። «ግን ሌላ ምርመራ ሳይደረግለት መሸጥ የለበትም ማለት ነው። ሰኞ እነግራቸዋለሁ።»

ሰኞ ውጤቱን ይዛ ወደ አቶ ደጀኔ ቢሮ ወጣች፤ ብዙ ቆየች። ስትወርድ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ፈለቀች ምን አሉሽ ብትላት «እያሰቡበት ነው» ብላ አለፈቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ላይ አልተቀመጠችም። አንድ ቀን ሆዴን አሞኛል ትላለች፣ አንድ ቀን ሥራ በዝቶብኛል። ቅዳሜም «እትዬ፣ አይምጡ፤ ይረፉ» አለቻት። ፈለቀች ልጅቷ ላይ የደረሰ ነገር አለ ብላ ተጨነቀች። ጸሎት ስታደርግ ስሟን ትጠራ እንደነበር አውቃለሁ።

ሁለት ሳምንት አልፎ ፈለቀች አቶ ደጀኔ ቢሮ ተጠራች። ስትገባ ብሩክታይት ወንበር ላይ ተቀምጣ ስልኳን ታያለች። አቶ ደጀኔ አንድ ወረቀት አነበቡላት። የዕቃ ማጠቢያ ክፍል ሠራተኛዋ ጠርሙሶቹን በሚገባ ባለማለቅለቋ የቀረው ሳሙና ሕዋሱን ገድሎታል፤ በዚህም የሦስት ሙከራ ውጤት ተበላሽቶ ተጥሏል። ከዚህ ቀደምም በተመሳሳይ ቸልተኝነት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ ተሰናብታለች። ከደብዳቤው ጋር የተያያዘው የላቦራቶሪ ሪፖርት ላይ የብሩክታይት ፊርማ አለበት።

«ይፈርሙ፣ ወይዘሮ ፈለቀች» አሉ አቶ ደጀኔ፣ እስክሪብቶ እየሰጧት።

ፈለቀች ወደ ልጅቷ ዞረች። «ብሩኬ፣ እውነት እኔ ነኝ?»

ብሩክታይት ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ «ውጤቱ የሚያሳየው እንደዚያ ነው» አለች።

ፈለቀች አልፈረመችም። ሰፈር ውስጥ «በድፍረት ወረቀቱን ወረወረችው» ሲባል ሰምቻለሁ። ውሸት ነው። ልጅቷን እያየች ቆማ እስክሪብቶውን መቀበሏን ረሳችው። የቀረውም ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ወረቀቱን አመነችው። ሃያ ሦስት ዓመት የሠራች ሴት፣ ያቺ ልጅ ስላለች ብቻ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ አምና ነው የወጣችው።

በዚያ ቀን ማታ እኔ ቤት መጣች። «ገደልኳቸው» አለችኝ።

«እነማንን?»

«ሕዋሶቹን። የልጅቷን ሥራ አበላሸሁባት። ለካ ሁለት ሳምንት ሙሉ የሸሸችኝ ልትነግረኝ ከብዷት ነው።» ከዚያ እጇን እያየች መቁጠር ጀመረች። «አሥር ጊዜ አለቅልቄአለሁ። ወይስ ዘጠኝ ነው? ያኔ አንድ ማክሰኞ ውሃ ጠፍቶ በጀሪካን ነበር የሠራነው…»

ሁለት ቀን እንዲህ ሆና ሰነበተች። እህል አልቀመሰችም። ሐሙስ ከሰዓት ገብረሃንስ ደግፎ ይዟት ወረደና ሦስታችን እኔ ቤት ተቀመጥን። ከፔርሙሱ ሦስት ብርጭቆ ሻይ ቀዳሁ። ገብረሃንስ ስኳር በሽታ እንዳለበት እያወቅኩ፣ ሐሳቤ እሷ ላይ ስለነበር ስኳር ጨመርኩበት። አንዴ ፉት ብሎ አስቀመጠው።

«ይሄ ስኳር አለበት» አለ።

ፈለቀች ቀና አለች። ብርጭቆዎቹን ስታይ ቆየችና «ሻዩን ከአንድ ፔርሙስ ነው የቀዳሽው?» አለችኝ።

«አዎ። ስኳሩን እኔ ነኝ ረስቼ…»

«ከአንድ ጠርሙስ ነው የቀዳችው» አለች። ድምፅዋ ተለወጠ። «ለሦስቱም ረድፍ የቀዳችው ከአንድ ጠርሙስ ነው። ሳሙና ቢኖርበት ሁሉም ይሞቱ ነበር። ሁለቱ ረድፍ ደህና ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ከዚያ ፊቷ እንዴት እንደሆነ መናገር አልችልም። ጥፋተኛ አለመሆኗን ያወቀች ሰው ፊት አልነበረም። እሷ ይህን በሁለት ቀን ከደረሰችበት፣ የተማረችው ልጅ ከመጀመሪያው ሰዓት ታውቀው ነበር ማለት ነው። ያን ማሰቧን ነው ያየሁት።

በማግስቱ ገርጂ ሄደች። በሩ ላይ ዘበኛው ሰዲቅ እንዳያስገባት መታዘዙን ነገራት። አፍሮ ነበር፤ የራሱን ወንበር አውጥቶ ጥላ ሥር አስቀመጣት። ስድስት ሰዓት ላይ ብሩክታይት ለምሳ ስትወጣ ፈለቀች ከወንበሩ ተነሳች።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አለቻት። «ለሦስቱም የቀዳሽው ከአንድ ጠርሙስ አልነበረም?»

ልጅቷ ግራ ቀኝ አየች። «እትዬ፣ እዚህ በር ላይ…»

«ነበር ወይስ አልነበረም?»

«ነበር።»

«ታዲያ በእኔ ሳሙና እንዴት አንዱ ረድፍ ብቻ ሞተ?»

ብሩክታይት ማልቀስ ጀመረች። «አቶ ደጀኔ ወይ ለውጤቱ ምክንያት አምጪ፣ ወይ ሥራሽን ልቀቂ አሉኝ። የላቦራቶሪው ኃላፊነትም ለእኔ ሊሰጠኝ ነው። እኔ ገና ነኝ እትዬ፤ እርስዎ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ነው የቀረዎት። ደግሞ…» ብላ አቋረጠች።

«ደግሞ ምን?»

«ያኔም ችለውልኝ ነበር። አሁንም የሚችሉልኝ መሰለኝ።»

ፈለቀች የመለሰችላት እንዲህ ብላ ነው። «ያኔ ወድጄ ነው የሰጠሁሽ። አሁን ሳትጠይቂኝ ወሰድሽብኝ። ብትጠይቂኝ ደግሞ ለዚህ አልሰጥሽም ነበር፤ የማላውቀው ሰው የሚጠጣው ነገር ነው።»

መገናኛ ስትደርስ ታክሲ መሰለፉ አቅቷት የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ እንዳለች ነገረችኝ። አንዲት ሴት ውሃ ሰጠቻት። አላለቀሰችም። «እንባዬ እንኳ አልመጣልኝም» አለችኝ። «የሰደበኝ ሰው ቢሆን እኮ እሰድበው ነበር። ይህቺን በምን አፌ ልስደባት?»

ቅዳሜ አብረን ደብዳቤ ጻፍን። እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ነገሩን ላሳምረው ብዬ «የተፈጸመብኝ ከባድ በደል» ብል አስወጣችው። «በደሌን ተይው፤ ረድፎቹን ጻፊ» አለች። ሦስቱን ረድፍ፣ አንዱን ጠርሙስ፣ ያየችበትን ቀን ጻፍን። ያኔ የቁም ሳጥኑ በር ጥፋት የእሷ ሳይሆን መፈረሟንም አስጻፈችኝ። እሱ ይቅር፣ ውሸታም ያስብልሻል ብላት «ዋሽቻለሁ እኮ» አለችኝ።

ደብዳቤውን ይዘን ምግብና መድኃኒት ወደሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ሄድን። የተቀበለችን ሴት ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ማስረጃ አለዎት እናቴ?» አለቻት።

«የለኝም። ግን የቀሩትን ሁለት ረድፎች ይጠይቋቸው። ፎቶ ያነሳሉ፤ ቀኑም ጊዜውም ኮምፒውተር ላይ ይቀራል።»

ሴትዮዋ ይህን መዝግባ ቁጥር ሰጠችን። ከዚያ ሦስት ወር ዝም ሆነ። ጥር መጨረሻ ላይ ሰዲቅ ደወለላት። ሰዎች መጥተው ፎቶዎቹን ወስደዋል፤ የዱቄቱንም ናሙና ሌላ ቦታ አስመርምረውታል። «ድርብ ኃይል» የሚለው ሳጥን በሙሉ ተጭኖ ለአሮጌ ወረቀት ገዢ ተሸጧል። ድርጅቱ የሰጠው ምክንያት ገበያው አላዋጣንም የሚል ነው። የድሮው ፓኬት እንደ ድሮው ይሸጣል። ብሩክታይትም የላቦራቶሪው ኃላፊ ሆናለች። ለፈለቀች ማንም አልደወለላትም፤ የተሰናበተችበት ደብዳቤም አልተነሳም።

ይህ ከተሰማ በኋላ ሰፈሩ በራሱ መንገድ አወራው። «ዚንክ ሰው ይገድላል» ተባለ። ከእኛ ብሎክ አንዲት እናት ልጇ ተቅማጥ ይዞት ጤና ጣቢያ የታዘዘለትን ዚንክ ልትጥለው ስትል ፈለቀች ደረሰችባት። እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ።

«ስጪው» አለቻት። «ሐኪሙ የነገረሽን ልክ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ስጪው። የሞተው ያለልክ የተጨመረበት ነው እንጂ ዚንክ መርዝ አይደለም።»

«አንቺን እንዲህ ላደረጉሽ ሰዎች ትከራከሪላቸዋለሽ?» አለቻት ሴትዮዋ።

«ለእነሱ አይደለም» ብላ ፈለቀች ደረጃውን ወጣች።

ሥራ ስትፈልግ ሁለት ቦታ «ከቀድሞው ቤት ለምን ወጡ?» ሲሏት እውነቱን ነገረቻቸው፤ አልተቀበሏትም። አሁን ቦሌ አራብሳ አንድ ክሊኒክ በሳምንት ሦስት ቀን ዕቃ ታጥባለች። እዚያም ያንኑ ነግራቸዋለች።

ብሩክታይት ፈለቀች ቤት የመጣችው ባለፈው ግንቦት ነው፤ እሑድ ከሰዓት። በሩን የከፈተው ገብረሃንስ ነው፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። ልጅቷ ከስታለች። ፌስታል ይዛለች፣ ብርቱካንና አንድ ነጠላ አለበት። ፈለቀች ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«ይግቡ» አለቻት። «ይቀመጡ።»

ልጅቷ መጀመሪያ ከኋላዋ ሌላ ሰው ያለ መስሏት ዞር አለች። ከዚያ ገባት። «እትዬ፣ በእግዚአብሔር እንዲህ አይበሉኝ። አንቺ ይበሉኝ።»

«ሻይ ይጠጣሉ?» አለቻት ፈለቀች። ክፋት አልነበረበትም ድምፅዋ፤ ለማታውቀው ሰው የምትናገረው ነበር። ሻዩን አመጣችላት፤ ስኳሩንም አጠገቧ አስቀመጠች። ልጅቷ አልነካችውም። መሬት ወርዳ ጉልበቷን ልትይዝ ስትል ፈለቀች እጆቿን ይዛ አስነሳቻት።

«ይቅር ይበሉኝ። እንቅልፍ አጥቻለሁ» አለች ብሩክታይት። «ምን ላድርግልዎት? ይንገሩኝ፣ የፈለጉትን።»

«የወነጀሉኝ በወረቀት ነው» አለች ፈለቀች። «ጠርሙሱ ንጹህ ነበር፣ ፈለቀች በሚገባ አጥባዋለች ብለው ይጻፉና ይፈርሙልኝ። ማህተሙንም ያድርጉበት፤ አሁን ኃላፊ ነዎት።»

ብሩክታይት ወደ መስኮቱ አየች፣ ወደ ገብረሃንስ አየች። «ያንን ከጻፍኩ እኮ የመጀመሪያው ሪፖርት ውሸት ነው ማለቴ ነው። የሙያ ፈቃዴን ይነጥቁኛል» አለች።

«አውቃለሁ» አለች ፈለቀች።

ልጅቷ ስትወጣ ፌስታሉን ረስታ ነበር። ፈለቀች ደረጃው ድረስ ተከትላ ሰጠቻት። «መልካም መንገድ» ስትላት ሰማሁ፤ ከዚያ በሩ ተዘጋ።

ገብረሃንስ፣ ያ ዝምተኛ ሰው፣ «ልጅቷ አሳዘነችኝ» አለ።

«እኔንም አሳዝናኛለች» አለችው።

ወረቀቱ እስካሁን አልመጣም። ቢመጣ ይቅር ትያታለሽ ወይ ብዬ ባለፈው ሳምንት ጠየቅኳት። የቦሌ አራብሳ ታክሲ ስንጠብቅ ነበር።

«አላውቅም» አለችኝ። «መጀመሪያ ይምጣ።»